ብረት ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች፦ የጥምር መድኃኒት ሙከራ ታሪክ

ያረጀ ጉልበት ወይም ዳሌ አውጥቶ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ለሚሊዮኖች የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። ከመቶ ታካሚዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ግን አዲሱ መገጣጠሚያ በባክቴሪያ ይያዝባቸዋል። ላቦራቶሪው ናሙናውን መርምሮ «ይህ መድኃኒት ይገድለዋል» ሲል ይጽፋል። ታካሚው ለሳምንታት ይወስደዋል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ቁስሉ ይደርቃል። መድኃኒቱ በቆመ በወሩ መግሉ ተመልሶ ይመጣል። የላቦራቶሪው መልስ ትክክል ነበር፤ ጥያቄው ግን ስለ ሌላ ባክቴሪያ ነበር። ጥያቄው እንዴት እንደታረመ፣ ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠትስ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደኋላ መሄድ ይኖርብናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1890–1944፦ የዝሆን ጥርስ ጉልበትና ያልሞቱት ጥቂቶች

በርሊን ውስጥ ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1890 ቲቢ የጎዳውን የሰው ጉልበት አውጥቶ ከዝሆን ጥርስ በተቀረጸ ማጠፊያ ተካው። ማጣበቂያው ከጄሶ፣ ከዛፍ ሙጫና ከተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተለወሰ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ ግማሽ ምዕተ ዓመት የቀደመ ነው። ነገር ግን ግሉክ የዝሆን ጥርሱን ያስገባው ቀድሞውኑ በሽታ ባለበት አጥንት ውስጥ ስለነበር ሥራው በኢንፌክሽን ከሸፈ። ባክቴሪያን ከሰውነት ውስጥ የሚያጸዳ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር፤ ስለዚህ የተበከለ መገጣጠሚያ ዕጣው መውጣት ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ሲገኝ ጉድለቱም አብሮት ታየ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፊሎኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ይህ ባክቴሪያ በኋላ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ዋና ጠላት ሆኗል። በ1942 ኒውዮርክ ውስጥ ግላዲስ ሆቢና ባልደረቦቿ ፔኒሲሊን የሚገድለው በመባዛት ላይ ያለውን ባክቴሪያ መሆኑን አስተዋሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብሊን ውስጥ ጆሴፍ ቢገር ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ስታፊሎኮከስ ባለበት ሾርባ ላይ ፔኒሲሊን ሲጨምር ሾርባው ጠራ፤ ከጠራው ሾርባ ወስዶ ሲያበቅል ግን እጅግ ጥቂት ባክቴሪያዎች በሕይወት ተገኙ። መድኃኒቱን የተላመዱ መስለውት ልጆቻቸውን ዳግም በፔኒሲሊን ቢፈትን እንደ መጀመሪያዎቹ በቀላሉ ሞቱ። ስለዚህ የተረፉት ጠንካራ ዘር ስለሆኑ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ሲመጣ መባዛት አቁመው ስለነበር ነው። ቢገር ፔኒሲሊንን በየመሀሉ እያቋረጡ መስጠት የተኙትን እንዲነቁ፣ ከዚያም እንዲሞቱ ያደርጋል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ብዙ ሰው አልተቀበለውም፤ ግኝቱም ለአሥርተ ዓመታት ተረሳ። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ የባከነ ጊዜ ይህ ነው።

1948–1960፦ ሁለት መድኃኒት ሲጣመር

ማጣመር የተጀመረው ከቲቢ ነው። በ1948 ታትሞ በወጣው የእንግሊዝ ሙከራ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን የተሰጣቸው ሕሙማን መጀመሪያ ተሻላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደ። በቀጣዩ ሙከራ ሁለተኛ መድኃኒት ሲታከልበት መላመዱ እጅግ ቀነሰ። ጥምረቱ የጠቀመው ሁለቱ ተደጋግፈው ይበልጥ ስለገደሉ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ያመለጠው በሌላው ስለሚያዝ ጭምር ነው። ይህን ሁለተኛ ምክንያት አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ጉልበትና ዳሌ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ይሁንና ሁሉም ጥምረት በጎ አልነበረም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኧርነስት ጃዌትዝ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፔኒሲሊንን ከክሎራምፌኒኮል ጋር ሲያጣምር አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያበላሽ አየ። ክሎራምፌኒኮል ባክቴሪያውን ከመባዛት ያግደዋል፤ ፔኒሲሊን ደግሞ የሚባዛውን ነው የሚገድለው። አንደኛው ጠላትን አስተኝቶ ከሌላኛው ሰይፍ ያድነዋል ማለት ነው። ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። በ1951 የአሜሪካ ሐኪሞቹ ሌፐርና ዳውሊንግ በማጅራት ገትር ሕሙማን ላይ ፔኒሲሊንን ከቴትራሳይክሊን ወገን ከሆነ መድኃኒት ጋር ሲሰጡ፣ የሞቱት ሰዎች መጠን ፔኒሲሊን ብቻ ከወሰዱት በብዙ በለጠ።

እንግዲህ ጥምረትን አስቀድሞ መፈተን ግድ ሆነ። ከዚያ ዘመን የወረስነው ዘዴ እንደ ዳማ ሰሌዳ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ጉድጓዶችን የሚጠቀም ነው። አንዱ መድኃኒት ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ታች በየደረጃው እየቀጠነ ይጨመራል፤ በሁሉም ውስጥ ባክቴሪያ ይደረግና አድሮ ይታያል። እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው ከሚያስፈልገው ሩብ መጠን ሆኖ ሁለቱ አብረው ዕድገቱን ከገቱ፣ ተደጋግፈዋል ይባላል። ስሌቱ ቀላል፣ ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ በዓለም ተስፋፋ። የሚለካው ግን በሾርባ ውስጥ የሚንሳፈፍና ጠግቦ የሚባዛ ባክቴሪያ ዕድገት መገታቱን ነው። ቢገር ያያቸው እንቅልፋሞች በሰሌዳው ላይ ቦታ አልነበራቸውም።

1957–1981፦ ንጹሕ አየርና መድኃኒት ያዘለ ስሚንቶ

በ1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ውስጥ ስታፊሎኮከስ እየወጉ መግል ለመፍጠር ስንት ባክቴሪያ እንደሚያስፈልግ ቆጠሩ፤ ቁጥሩ ሚሊዮኖች ሆነ። በቆዳው ውስጥ ቁራጭ የሐር ክር ሲኖር ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆነው ተገኙ። ባዕድ ነገር በሰውነት ውስጥ መኖሩ ብቻውን የባክቴሪያውን ጉልበት በሺዎች እጥፍ አበዛው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1962፣ እንግሊዝ ውስጥ በራይቲንግተን ሆስፒታል ጆን ቻርንሊ የዛሬውን የዳሌ መተካት ሥራ ጀመረ፤ የብረት ራስ፣ የፖሊኤትሊን ጽዋ፣ ሁለቱንም ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ስሚንቶ። አንድ ክር ይህን ያህል ከጎዳ፣ እጅ የሚሞላ ብረት ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከታካሚዎቹ 7 በመቶ የሚሆኑት ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። የቻርንሊ መልስ መከላከል ነበር። የተጣራ አየር የሚወርድበት የቀዶ ሕክምና ድንኳንና የሐኪሙን ትንፋሽ በቱቦ የሚያወጣ ልብስ ሠርቶ አኃዙን ከ1 በመቶ በታች አወረደው።

ሐምቡርግ ውስጥ ሃንስ ቪልሄልም ቡኽሆልትስ በሌላ መንገድ ሄደ። ስሚንቶው ራሱ መድኃኒት ቢያዝልስ? ከባልደረባው ኤንገልብሬሽት ጋር የተለያዩ አንቲባዮቲኮችን ከስሚንቶ ዱቄት ጋር እያቦካ ምን ያህል እንደሚንጠባጠቡ ፈተነ፤ ውጤቱን በ1970 አሳተመ። ከሁሉ የተመረጠው ጄንታማይሲን ነበር፤ ስሚንቶ ሲጠነክር የሚፈጠረውን ሙቀት ይችላል፣ ውሃም ያሟሟዋል። በደም ሥር ቢሰጥ ኩላሊትን የሚጎዳ መጠን እዚያው መገጣጠሚያው አካባቢ ያለ ጣጣ ተገኘ። ቡኽሆልትስ ደፍሮ የተበከለውን ዳሌ በአንድ ቀዶ ሕክምና አውጥቶ በመድኃኒታም ስሚንቶ አዲስ ይተክል ጀመር። በ1981 የ583 ታካሚዎችን ውጤት ሲያቀርብ በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካላቸው 77 በመቶ ነበሩ። ቀሪዎቹ ግን በዚያ ሙከራ አልዳኑም፤ መጠኑ ከፍ ቢልም የማይሞት ነገር እንዳለ ግልጽ ሆነ።

1978–1982፦ ከወንዝ ድንጋይ ወደ ሰው አካል

ያ የማይሞተው ነገር የተፈታው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። ካናዳዊው ማይክሮባዮሎጂስት ዊልያም ኮስተርተን የሚመራመረው የተራራ ጅረቶችን ነበር። ጥርት ባለው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ባክቴሪያ እምብዛም የለም፤ ድንጋዩን የሚያዳልጠው አተላ ግን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ በተፈጥሮ ውስጥ ባክቴሪያ የሚኖረው በአብዛኛው ከአንድ ገጽ ጋር ተጣብቆ፣ ራሱ ባመነጨው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተሰባስቦ መሆኑን አስረዳ። ያ ሰፈር ባዮፊልም ተባለ። (ደቾቹ ሌቨንሁክ በ1680ዎቹ በጥርሱ ላይ ያለውን አተላ በኮምጣጤ ሲያጥብ የሞቱት ከላይ ያሉት ብቻ እንደነበሩ ጽፎ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት ያረጀ የባዮፊልም መድኃኒት ሙከራ ነው፤ የፈለገው ሰው ግን አልነበረም።)

በ1982 የኮስተርተን ቡድን ከአንድ ታካሚ በወጣ የልብ ምት ማስተካከያ ሽቦ ላይ ያንኑ ሽፋን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየ። ከዚያ ወዲህ በዳሌም በጉልበትም ብረት ላይ ተገኝቷል። በሽፋኑ ውስጥ፣ በተለይ ከብረቱ አጠገብ ባለው ጥልቅ ክፍል፣ ኦክሲጅንም ምግብም ያንሳል፤ ባክቴሪያው መባዛቱን ያዘገያል ወይም ያቆማል። የቢገር እንቅልፋሞች በዚህ ሰፈር ውስጥ ጥቂቶች መሆናቸው ቀርቶ ብዙዎች ናቸው።

1982–1998፦ የስዊዘርላንድ ቱቦዎች

የዚህ ታሪክ እምብርት ስዊዘርላንድ ናት። በ1982 ቨርነር ዚመርሊ ከጄኔቫ ባልደረቦቹ ጋር በጊኒ ፒግ ቆዳ ሥር ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ቱቦዎች ተከለ። በቱቦው ውስጥ 100 ስታፊሎኮከስ ሲጨምር ከቱቦዎቹ 95 በመቶው ተበከሉ፤ ቱቦ በሌለበት ቆዳ ሥር መቶ ሚሊዮን ቢወጋም መግል አልቋጠረም። ከኤሌክ የሐር ክር በኋላ የተገኘ ጥርት ያለ ማስረጃ ከመሆኑም ሌላ፣ ሞዴሉ መድኃኒትን ከነባዕድ ነገሩ ለመፈተን የሚያስችል መሣሪያ ሆነ።

ቀጥሎ ባዝል ውስጥ ዚመርሊ ከአንድሪያስ ቪድመርና ከሌሎች ጋር የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ከቤተ ሙከራ ፈተናዎች መካከል በእንስሳው ውስጥ የሚሆነውን በትክክል የሚተነብየው የትኛው ነው? በ1990 ያሳተሙት መልስ የሆስፒታል ላቦራቶሪዎችን የሚያሳፍር ነበር። በየቀኑ የሚለካው፣ ዕድገትን ለመግታት የሚያስፈልገው አነስተኛ መጠን፣ ስለ ፈውስ ምንም አልተናገረም። የተነበዩት ሁለት ሌሎች ፈተናዎች ነበሩ፤ መድኃኒቱ መባዛት ያቆመውን ባክቴሪያ ይገድላል ወይ? ከመስታወት ጋር የተጣበቀውንስ? በስታፊሎኮከስ ላይ ሁለቱንም ፈተና ጎልቶ ያለፈው ሪፋምፒሲን ነው።

ሪፋምፒሲን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቲቢ የታከመ ሁሉ ሽንቱን ወደ ብርቱካናማ የሚቀይረውን መድኃኒት ያስታውሰዋል። ምንጩ በ1957 ከፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ተወስዶ ሚላን ውስጥ በሌፔቲት ኩባንያ የተመረመረ አፈር ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ውሕዶች ስም ያወጡላቸው ተመራማሪዎች «ሪፊፊ» ከሚባል የወንበዴ ፊልም ነው የተዋሱት። ባክቴሪያው ዘረመሉን የሚያነብበትን ሞተር ይዘጋል፤ ይህ ሞተር ደግሞ በተኛ ባክቴሪያም ውስጥ ቀስ እያለ ይሠራል።

ከባድ ጉድለት ግን አለበት። ከአሥር ሚሊዮን ስታፊሎኮከሶች አንዱ ገደማ በአንድ የዘረመል ለውጥ ብቻ ሪፋምፒሲንን ያመልጣል። በአንድ በተበከለ መገጣጠሚያ ውስጥ ከዚህ እጅግ የበዛ ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ አምላጩ ሕክምናው ሳይጀመር እዚያው አለ ማለት ነው። ለብቻው የተሰጠ ሪፋምፒሲን ተላማጁን መርጦ ያሳድጋል። ከቲቢ የተማርነው ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ይመጣል፤ ጓደኛ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሪፋምፒሲንን ለማበርታት ሳይሆን ለመጠበቅ ነው። የቀዶ ሐኪሙ ማጽዳትም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል፤ መግሉንና የሞተውን ሥጋ ጠርጎ ሲያወጣ የባክቴሪያውን ቁጥር፣ ከእሱም ጋር የአምላጮቹን ዕድል ይቀንሳል።

በ1993 ከማርሴይ የድራንኩር ቡድን ሪፋምፒሲንን ከኦፍሎክሳሲን ጋር በአፍ ሰጥቶ 74 በመቶ ስኬት አስመዘገበ፤ ነገር ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ወሳኙ ሙከራ በ1998 ወጣ። ዚመርሊና ባልደረቦቹ ብረታቸው ያልተነቃነቀና ኢንፌክሽኑ ያልቆየባቸውን 33 ሰዎች ብረቱን ሳያወጡ አጽድተው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ሁሉም ለሁለት ሳምንት በደም ሥር መድኃኒት ወስደው ቀጥሎ ለወራት ሲፕሮፍሎክሳሲን ዋጡ፤ ግማሾቹ ሪፋምፒሲን፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ታከለላቸው። ሕክምናውን ከጨረሱት መካከል ሪፋምፒሲን ያገኙት 12ቱም ዳኑ፤ ከሌሎቹ 12 የዳኑት 7 ብቻ ናቸው። ካልዳኑት አምስት ሰዎች በአራቱ ላይ ባክቴሪያው ሲፕሮፍሎክሳሲንን ተላምዶ ተገኘ።

ሃያ አራት ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ከጊኒ ፒግ ቱቦ ተነስቶ በሰው ዳሌ ላይ የተረጋገጠ ትንበያ ስለነበር መመሪያዎች ሁሉ ተቀበሉት። ቲቢ በተስፋፋባቸው አገሮች ግን አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል፤ ሪፋምፒሲንም ሲፕሮፍሎክሳሲንም የቲቢን ባክቴሪያ ይነካሉ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ያልታወቀ ቲቢ ከሆነ፣ ይህ ጥምረት ምልክቱን ሊሸፍንና መላመድን ሊያመጣ ይችላል።

1999–2011፦ ዘጠና ስድስት ችንካሮች

በ1999 ካልጋሪ ውስጥ ሃዋርድ ሴሪና ባልደረቦቹ ክዳኑ ላይ 96 ችንካሮች ያሉት ሣጥን አቀረቡ። በእያንዳንዱ ችንካር ላይ ተመሳሳይ ባዮፊልም ይበቅላል፤ ከዚያ በተለያየ መድኃኒትና መጠን ውስጥ ይነከራል። ጥምረቶችን በብዛት መፈተን ተቻለ። ባዮፊልሙን ለማጥፋት የሚያስፈልገው መጠን ተንሳፋፊውን ከሚገድለው መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ታየ። ብዙው መጠን በደም ውስጥ ሊደረስበት የማይችል ነው፤ የቡኽሆልትስ ስሚንቶ ትርጉም እንደገና ገባ።

ሣጥኑ ግን የራሱ ችግር ነበረው። በሣጥን ውስጥ ጉበት የለም፤ ሪፋምፒሲን በሰው ጉበት በኩል ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ እንዲወገዱ ያደርጋል። ክሊንዳማይሲንን የመሰለ ጓደኛ በፕላስቲኩ ላይ ተደጋግፎ ቢታይ፣ በታካሚው ደም ውስጥ መጠኑ ክፉኛ ይወርዳል። ፈተናው ለሐኪም ምርጫ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ በመገጣጠሚያ ሳይሆን በሳንባ ተጠየቀ። በ2005 ሾን አሮን ካናዳ ውስጥ በመራው ሙከራ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ለተባለው የውርስ በሽታ ሕሙማን በጥምረት ፈተና ተመርጦ የተሰጠው መድኃኒት በተለመደው መንገድ ከተመረጠው አልተሻለም። በ2011 በባዮፊልም ላይ የተደረገ ሌላ አነስተኛ ሙከራም ልዩነት አላሳየም።

በዚህ መካከል አንድሬ ትራምፑዝ አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ሳለ መሠረታዊ የሆነውን ነገር አስተካከለ፤ የሚፈተነውን ባክቴሪያ ከብረቱ ላይ ማግኘት። የወጣውን መገጣጠሚያ በፈሳሽ ውስጥ አድርጎ በአልትራሳውንድ በማራገፍ ፈሳሹን አበቀለ። በ2007 በ331 ታካሚዎች ላይ ባወጣው ውጤት ይህ ዘዴ ኢንፌክሽኑን 78.5 በመቶ ሲይዝ፣ ከሥጋ የተወሰደው ናሙና የያዘው 60.8 በመቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አንቲባዮቲክ በወሰዱት ላይ ልዩነቱ ወደ 75 ለ 45 ሰፋ።

2013–2021፦ አዲስ ጓደኞች፣ የቆየ ጥርጣሬ

ሪፋምፒሲን ማንን ቢያገባ ይሻላል? ቦስተን ውስጥ የኪም ሉዊስ ቡድን በ2013 ያቀረበው አዴፕ የሚባል ውሕድ በተኛው ባክቴሪያ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይከፍትና ባክቴሪያው ራሱን እንዲበላ ያደርጋል። ለብቻው ሲሆን ባክቴሪያው ቶሎ ይላመደዋል፤ ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆን በቤተ ሙከራ ባዮፊልሙን፣ በአይጥ ላይም ሥር የሰደደውን ኢንፌክሽን አጠፋ። በ2014 የትራምፑዝ ቡድን ብዙ መድኃኒት በተላመደ ስታፊሎኮከስ የተበከሉ የጊኒ ፒግ ቱቦዎችን በፎስፎማይሲንና ሪፋምፒሲን ሲያክም 83 በመቶው ጸዱ። ሁለተኛው ከአሮጌ መደርደሪያ የወጡ ሁለት መድኃኒቶች ጥምረት ስለሆነ ለሕሙማን የቀረበው እሱ ነው።

ከዚያ ትልልቅ የሰው ሙከራዎች መጡ። በ2019 በእንግሊዝ በ1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ በአፍ የሚሰጠው ሕክምና በደም ሥር ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ፤ ያልተሳካላቸው 13.2 በመቶና 14.6 በመቶ ናቸው። በ2021 ከፈረንሳይ የወጣው ደግሞ የስድስት ሳምንት ሕክምና የአሥራ ሁለት ሳምንቱን ሊተካ እንደማይችል አረጋገጠ፤ ኢንፌክሽኑ ያልለቀቃቸው 18.1 በመቶና 9.4 በመቶ ነበሩ።

በመካከሉ፣ በ2020፣ ከኖርዌይ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። 48 ሕሙማን ተመሳሳይ ጽዳት ከተደረገላቸው በኋላ ሪፋምፒሲን ከተጨመረላቸው 74 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው 72 በመቶ ዳኑ። የስዊዘርላንዱ ወገን የሰጠው ምላሽ ያንኑ የቆየ ነጥብ ይዟል፤ በኖርዌይ ሙከራ የሪፋምፒሲን ጓደኛ እንደ 1998ቱ ሲፕሮፍሎክሳሲን አልነበረም። ኖርዌዮቹም የ1998ቱ ቁጥር ትንሽ መሆኑን ያስታውሳሉ፤ የእነሱም ቢሆን ትልቅ አይደለም። ለእኔ የስዊሶቹ ክርክር በአሠራር ረገድ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ አርባ ስምንት ሰው ግን ሁለቱንም ለመዳኘት አይበቃም።

ፈተናው ራሱም ገና መመዘኛ አላገኘም። የአውሮፓ የመድኃኒት ፍተሻ ኮሚቴ ለባዮፊልም «ይህ መጠን ይሠራል፣ ይህ አይሠራም» የሚል ወሰን አላወጣም፤ የአንዱ ላቦራቶሪ ችንካር ከሌላው መስታወት ጋር አይነጻጸርም። በጉልበቱ መግል የያዘ ሰው ናሙናው ሲመረመር፣ ለሐኪሙ የሚደርሰው ወረቀት ዛሬም የተንሳፋፊውን ባክቴሪያ ቁጥር ይዞ ነው። ሐኪሙ ሪፋምፒሲንን ይጨምራል፤ የሚጀምረውም ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነው፣ ያለበለዚያ ተላማጅ ስታፊሎኮከስ ከቆዳው ሊገባበት ይችላል። ከማን ጋር ያጣምረው የሚለውን የሚወስነው በወረቀቱ ላይ ካለው ስም ዝርዝር፣ ከታካሚው ጉበትና ከሚወስዳቸው ሌሎች ክኒኖች ተነስቶ ነው።